ሊጡ ኩፍ ያላለበት ወር

ኅዳር 9 ቀን፣ ሰኞ ጠዋት
ከዳቦ ቤቱ፣ ከዱቄት ማከማቻው በር አጠገብ

ለምወድሽና ለማከብርሽ ለልጄ እናት፤

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ልጃችን "እማዬ ደህና ናት፣ ደረጃ ላይ ብቻ ነው የሚያስቸግራት" ብላኛለች፤ እኔም ደረጃ የሌለበት ቤት ፈልጉ ብያታለሁ። የኔ ጤና ደህና ነው፣ የጥርሴን ነገር ካላነሳሽብኝ። ምን ሆኖ ጻፈ ብለሽ እንዳትደነግጪ፣ ማንም አልሞተም። በስልክ የምንባባለውን ታውቂዋለሽ፦ ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ እነሱስ፣ ደህና ናቸው፤ ከዚያ ሁለታችንም ዝም እንልና ልጅቷ ስልኩን ትቀበልሻለች። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ተነጋገርን። የአሁኑ ነገር ግን በስልክ አያልቅም፤ ስለዚህ ወረቀት ገዛሁ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ፤ ዳቦ ቤቱ ሊዘጋ ነው። እስከዚህ ወር መጨረሻ ድረስ ሊጡ ኩፍ ካላለ ምድጃውን አጠፋለሁ፣ አቡኪውንም ሻጯንም አሰናብታለሁ። ምክንያቱ ደግሞ ጦርነት ነው።

ቆይ፣ እዚህ አይደለም። እዚህ ጥይት አልተተኮሰም። ጦርነቱ ያለው በጣም ሩቅ ነው፤ የት እንደሆነ እንኳ መጀመሪያ አላውቅም ነበር። ሬዲዮው ዓመቱን ሙሉ ሲያወራ የማቡኪያ ማሽኑ ስለሚጮህ ግማሹን ነው የምሰማው። የሚዋጉትን ሰዎች አይቻቸው አላውቅም፤ እነሱም እኔ ስለመኖሬ የሰሙ አይመስለኝም። ታዲያ እነሱ እዚያ ተጣልተው የኔ ሊጥ እዚህ ለምን ይተኛል? ይህን ሳላውቅ ምድጃዬ ቢጠፋ መቃብር ውስጥም ሆኜ መጠየቄን አልተውም። ስለዚህ ሥራውን ለአቡኪው ትቼ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስጠይቅ ከረምኩ። መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ይባል የለ? ሊቅ መሆኔን እንጃ፣ ጫማዬስ አልቋል።

አቡኪው ማለት አንቺ የቀጠርሽው ያ ረጅሙ ልጅ ነው። አሁን የሦስት ልጆች አባት ሆኗል፤ ክንዱን አይተው ጉልቤ ይሉታል። አሁንም ስምሽ ሲነሳ ቆቡን ያስተካክላል።

ጥያቄውን የጀመርኩት ከጆንያ ነው። ስንቱን የዱቄት ጆንያ ቀድጄ ሽርጥ አሰፍቻለሁ፣ ስንቱን በር ላይ አንጥፌ እግር አስጠርጌበታለሁ፤ የተጻፈበትን ግን አንድም ቀን ልብ ብዬው አላውቅም። አንዱን አጥፌ ይዤ ጽሕፈት መሣሪያ ሻጩ ጋ ሄድኩና አነበበልኝ። ስንዴው ከሚዋጉት ካንደኛው አገር ነው። የዘይቱን ጀሪካን ወሰድኩለት፤ እሱ ደግሞ ከሌላኛው። የምድጃው ናፍጣ ከሦስተኛ አገር ይመጣል፣ የጣሳው እርሾ ደግሞ ማንንም ካልነካ፣ ራሱን ችሎ ከተቀመጠ ከአራተኛ አገር። ከዚህ የሆነው ውሃውና ጨው ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት "የሰፈራችን ዳቦ" እያልን የምንሸጠው ዛሬ የአራት አገር ዳቦ ኖሯል። ሻጩ እያነበበ ይስቃል፤ እኔ ግን እንደ ሕፃን ነው የገረመኝ። ከሱ የዓለም ካርታ ገዝቼ ማከማቻው ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፣ በጆንያ ማሰሪያ ክርም መንገዱን እለካ ጀመር።

ዱቄቱና ናፍጣው ዋጋቸው ይናር እንጂ እየተለመነ ይገኛል። የጠፋው እርሾው ነው። ግን እኮ የእርሾው አገር አልተዋጋም። ይህ እንዴት ይሆናል ብዬ አከፋፋዩ ጋ ሄድኩ። ያ ሁሌ የተቆለለው መጋዘኑ ባዶ ሆኖ ባዶ ካርቶን ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። እርሾው ተገዝቷል፣ መርከብ ላይ ተጭኗል፣ አለ። ታዲያ የት ነው ስለው ባሕር ላይ ነው አለኝ። መርከቦች የሚያልፉበት ጠባብ ባሕር በጦርነቱ ምክንያት እሳት እየተተኮሰበት ስለሆነ ካፒቴኖቹ ያን ትተው ዓለምን ዞረው ነው አሉ የሚመጡት። ቤቴ ስመለስ በክር ለካሁት፤ ክሩ አልበቃ ብሎ ሌላ ቀጠልኩበት። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነው፤ የኔዋ ላም በባሕር ናት።

ሌላ ቅርብ አገር እርሾ የለም ወይ ብዬ ደግሞ ጠየቅኩት። አለ፣ ግን የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው፣ እሱን ባንኩን ጠይቅ አለኝ። ስሄድም ከኋላዬ "ወዳጄ፣ መልሱን ስታገኝ ለኔም ንገረኝ" አለ። ሃያ ዓመት ሲያስመጣና ሲያከፋፍል የኖረ ሰው!

ባንኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ትዕግሥተኛ ናት፣ አላባረረችኝም። መጀመሪያ "አባባ፣ ምን ልርዳዎት?" ስትለኝ አባባነቴን ባልወደውም ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለምን ምንዛሪ እንደጠፋ ስጠይቃት ወረቀት ላይ ሳለችልኝ። አገሩ ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ እንደ አንድ ባልዲ ውሃ ነው። ጦርነቱ ነዳጁን አስወደደው፤ ስለዚህ ባልዲው መጀመሪያ ለነዳጅ ይጎድላል። ከዚያ ለማዳበሪያ፣ ከዚያ ለመድኃኒት፣ ከዚያ ለስንዴ። የተረፈው በተራ ነው፣ ተራውም በዝርዝር ተጽፏል። እርሾ የቱ ጋ ነው አልኳት። ጣቷን ወደ ታች ወሰደች፣ ገጹን ገለበጠች፣ ሌላ ገጽ ገለበጠች። ከፀጉር ቀለም በታች ከልደት ሻማ በላይ ነው ያለነው። ራሷም አፍራ ሳቀች። "ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባል የለ፣ አባባ" አለችኝ። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ ሳስብ መጣሁ፦ ሣሩ እኮ ቢያንስ ዝሆኖቹን አይቷቸዋል።

ይህን ሁሉ ለጉልቤ ነገርኩት። እሱ ሊጥ እየቆረጠ ሰምቶኝ ሲያበቃ፣ ጋሼ፣ እዚያ ጦርነቱ ያለበት ቦታም እኮ ዳቦ ጋጋሪ ይኖራል አለኝ። ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። ምናልባት ያ ሰው እርሾ አለው፣ ዱቄትም ከደጁ ነው፣ ምድጃው ግን ፈርሷል። ምናልባት እሱም ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ካርታውን ሳይ መስመሩን ብቻ ሳይሆን እሱንም እፈልጋለሁ፤ ስንት ሰዓት ይነሳ ነበር? ደንበኞቹ ያማርሩት ነበር ወይ? የኔን ማማረር ቢሰማ ምን ይለኝ ይሆን?

ወደ ሊጡ ልመለስ። ያለችኝን እርሾ ግማሽ ግማሽ እያደረግኩ ስጠቀም ዳቦው እንደ ሰሌዳ ሆነ። ደንበኛችን ጡረተኛው ሻምበል አንዱን አንስቶ አገላብጦ አይቶ "ይሄን እኮ በፖስታ መላክ ይቻላል" አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፤ ወደ ጓዳ ገብቼ ግን የቀረችውን እርሾ ደጋግሜ ለካሁ። በማግስቱ የመጣው ሰው በግማሽ ቀነሰ።

ከዚያ ያንቺ እርሾ ትዝ አለኝ። ትዝ ሊለኝ ሦስት ሳምንት መፍጀቱ ይገርማል፤ ዓለምን በክር ስለካ ከርሜ፣ ከዚሁ ቤት ዱቄትና ውሃ ብቻ ይዘሽ ዳቦ ታስነሺ የነበርሽው አንቺ እንደሆንሽ ረስቼ። በእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። እናትሽ በድስት የሰጡሽን ስንት ዓመት በእንጨቱ ገንዳ እንዳኖርሽው አውቃለሁ፤ ገንዳውን በውሃ አትነኪውም ነበር፣ ትፈቀፍቂዋለሽ፣ ከጥጉ የቀረው ለነገ ያድራል። ያን ጊዜ የጤና ተቆጣጣሪው አስገድዶን ገንዳው ታጥቦ ወደ ጣሳ እርሾ ባንገባ ኖሮ ዛሬ ባሕር ላይ ያለ መርከብ አልጠብቅም ነበር።

እና ራሴ ልጀምረው አልኩ። ዱቄትና ውሃ ለውሼ ገንዳው ጥግ አስቀመጥኩ። አራት ቀን እንደ በሽተኛ ጠየቅኩት፣ አሸተትኩት፣ ጆሮዬን ሰጥቼም አዳመጥኩት፤ አትሳቂ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት አረፋ አወጣ። እንዴት እንደተደሰትኩ! ምሳ በልቼ ስመለስ ገንዳው ተፈትጎ፣ ታጥቦ፣ ፀሐይ ላይ ተደፍቷል። ጉልቤን ምን ሠራህ ብለው ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። በኔው እጅ ጽሑፍ፣ በቀይ ቀለም፣ ከስምንት ዓመት በፊት፦ "ገንዳ ሳይታጠብ እንዳይውል።" እንደገና ጀመርኩ። እርሾው በአምስተኛው ቀን እንደገና አረፋ አወጣ፤ ይህን ጊዜ ማን ያጠበው ይመስልሻል? እኔው ራሴ። ከባንኩ ጉዳይ እየተብሰለሰልኩ ገባሁ፣ የቆሸሸ ገንዳ አየሁ፣ እጄ ብቻውን ሳሙና አነሳ። ጨርሼ ቀና ስል ጉልቤ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ጋሼን አክብሮ ገንዳውን ፀሐይ ላይ ደፋልኝ።

በዚያ ቀን ነው ሁለቱን ጠርቼ እስከ ወሩ መጨረሻ ያልኳቸው። ሻጯ አለቀሰች። ጉልቤ ጠረጴዛውን ሲፍቅ ቆየና "ጋሼ፣ እኔ ከዚህ ሌላ የማውቀው ሥራ የለም" አለኝ። እኔስ?

እንግዲህ የምጠይቅሽ ይህን ነው። ውሃው ለብ ያለ ነበር ወይስ ቀዝቃዛ? በቀን ስንቴ ነው ዱቄት የምትጨምሪለት? ሲጎመዝዝ ምን ታደርጊው ነበር? አጠገብሽ ስንት ዓመት ስሠራ አንዱንም ሳልጠይቅሽ ቀርቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ትያለሽ፤ በይ፣ ግን ጻፊልኝ።


ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ

ደብዳቤው ሰኞ አልሄደም። ፖስታ ቤቱ ቴምብር የለውም። ለምን ብዬ ጠየቅኩ፤ ቴምብር የሚታተምበት ወረቀት ከውጭ ነው የሚመጣው አሉኝ። ከፀጉር ቀለም በላይ ነው ወይስ በታች ስላቸው አልገባቸውም። ባይሄድም ደግ ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ተገኝቷል።

ልብስ ሰፊዋን፣ ሁለት ቤት አልፋ ያለችውን ወዳጅሽን፣ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከኛ ዳቦ ስትገዛ አይቻት አላውቅም። ላንቺ ወግና ነው ብዬ ተውኳት። ትናንት ጠዋት በደጇ ሳልፍ የዳቦ ሽታ መጣብኝ። የጣሳ አይደለም፤ ጎምዘዝ የሚል፣ አንጀት የሚበላ ሽታ። ለካ ስንት ዓመት ከራሴ ምድጃ ሌላ የሚሸተኝ ነገር አልነበረም፤ ምድጃዬ በቀን አንዴ ብቻ መንደድ ሲጀምር አፍንጫዬ ተከፈተ። ገባሁ። መስኮቱ ላይ አንድ ዳቦ ተቀምጧል፣ እንዲህ ኩፍ ብሎ፣ አናቱ ፈንድቶ።

"እትዬ፣ እርሾ ከየት አገኘሽ?" አልኳት።

መርፌዋን ከአፏ አወጣችና ቀና ብላ አየችኝ። "ይህን ለመጠየቅ ሰባት ዓመት ፈጀብህ" አለች።

ከጓዳ አፉ በጨርቅ የታሰረ ማሰሮ ይዛ መጣች። ገና ሳትፈታው አወቅኩት። ገንዳው ከመታጠቡ በፊት አንቺው ቆንጥረሽ የሰጠሻት ነው። ከታጠበ በኋላም ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ እየመጣሽ ታዪው እንደነበር፣ ልውሰደው ግን እንዳላልሽ ነገረችኝ። ስትሄጂ አደራ ያልሻት እንዳይሞት ነው፤ ራሱ መጥቶ ከጠየቀ ስጪው፣ ካልጠየቀ አትንገሪው ብለሽ። ሰባት ዓመት ዱቄት እየመገበች አኖረችው። የኔን ዳቦ ያልገዛችውም የራሷን ስለምትጋግር እንጂ ተቀይማኝ አልነበረም። እኔ ግን በየቀኑ ሰላምታዋን በግማሽ ከንፈር ስመልስ ኖርኩ።

ለምን አልወሰደችውም ብዬ ጠየቅኳት። ከዚያ የመጣውን እንዳለ ልጻፍልሽ።

"ሰፈሩ ‘አቶ ለምን’ ይልሃል፣ ታውቃለህ?" አለች። "ስለ መርከቡ ጠየቅክ፣ ስለ ባንኩ ጠየቅክ፣ የማይታወቁ ሰዎች ለምን እንደሚዋጉ ጠየቅክ። ሚስትህ ለምን እንደሄደች ማንን ጠየቅክ?"

"ልጃችንን ልታርስ ነዋ የሄደችው" አልኳት።

"የልጅ ልጅህ እኮ ጥርሷን እየነቀለች ነው።"

ወንበሩን ስባ አስቀመጠችኝና የቀረውን ቀስ ብላ ነገረችኝ። የተቆጣጣሪውን ካፖርት የምትጠግነው እሷ ናት። ገንዳው በታጠበበት ወር ሰውዬው ታሞ ቤቱ ተኝቶ እንደነበር ታውቃለች፤ ያኔውኑ ላንቺም ነግራሻለች። አንቺም ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቆመሽ እየሠራሽ፣ ራሱ ይነግረኛል ብለሽ አፌን ስትጠብቂ ኖረሻል። እኔ ደግሞ ባለፈው ሰኞ፣ እዚሁ ደብዳቤ ላይ፣ ከላይ፣ "ተቆጣጣሪው አስገድዶን" ብዬ ጽፌያለሁ። ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት። ስምንት ዓመት የዋሸሁትን በራስሽ ዓይን እዪው።

ተቆጣጣሪ አልመጣም ነበር። ገንዳውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ገበያ ሄደሽ ሳለ፣ በፈላ ውሃና በሳሙና፣ ሁለት ጊዜ። አከፋፋዩ ያን ሰሞን የሚያብረቀርቀውን ጣሳ ይዞልኝ መጥቶ፣ በሰለጠነው ዓለም እንዲህ ያለ የሚሸት ገንዳ የሚያቆይ ዳቦ ቤት የለም አለኝ፤ አፈርኩ። በገንዳሽ አፈርኩ። ስትመለሺ ባዶውን አይተሽ ማን ነው ስትዪ ደግሞ በራሴ አፈርኩና ተቆጣጣሪው አልኩ። አንዴ ካልኩት በኋላ እውነት እንዲመስል ብዬ ሕጉን በቀይ ቀለም ግድግዳ ላይ ጻፍኩት። ከእናትሽ የቀረሽ እሱ ብቻ እንደነበር አውቅ ነበር። አላውቅም ነበር አልልሽም። በድያለሁ፤ ይቅር በዪኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ካርታ ላይ ጥፋተኛ ስፈልግ ነበር። ካርታው ውሸት አይደለም፤ መርከቡም እውነት ነው፣ ጦርነቱም እውነት ነው። ግን ባሕሩ ሲዘጋ እኔን ባዶ እጄን ያገኘኝ፣ ቤት የነበረውን በገዛ እጄ አጥቤ ስለደፋሁት ነው። ይህን መርከቡ አላደረገውም።

ልብስ ሰፊዋ የሰጠችኝ አንዲት ስኒ ናት። ለሙሉ ምድጃ እንድትበቃ በየቀኑ መመገብ፣ በየቀኑ እጥፍ ማድረግ ነው አለችኝ። ውሃውም ለብ ያለ ነው፤ ሰኞ የጠየቅኩሽን ሁሉ እሷ መለሰችልኝ። ጉልቤ የግድግዳውን ሕግ በቢላዋ ፋቀው። ገንዳው አጠገብ ማንም ሳሙና ይዞ እንዳያልፍ አዘዘን፤ እኔንም ጭምር፤ በተለይ እኔን።


ኅዳር 22 ቀን፣ እሑድ ጠዋት

ተነሳ።

አርብ በትንሹ ሞከርን፣ ግማሹ ተቃጠለ ግማሹ ልክ ሆነ። ይሄኛው ከጣሳው ይዘገያል፣ መቸኮል አይወድም፤ እኛ ነን ሰዓታችንን ለሱ የለወጥነው። ዛሬ ሙሉ ምድጃ ጋገርን። ጉልቤ የመጀመሪያውን ቆርሶ ሲበላ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ ትኩስ ነው አለ። እኔም ትኩስ ነው አልኩት። ሰው ግማሹ ጎመዘዘኝ አለ፣ ግማሹ ልጅነቴን አስታወሰኝ አለ። አንዲት ሴትዮ ደግሞ ይሄ ዳቦ ያ የድሮው አይደለም ወይ፣ ሴትዮዋ ተመለሰች እንዴ ብላ ሻጯን ጠየቀች። ሻጯ ወደኔ አየች። እኔ ወደ ጓዳ ገባሁ።

በሁሉ ነገር ድነናል አልልሽም። ዱቄቱ አሁንም ከዚያው ነው የሚመጣው፣ ናፍጣውም እንደ ተወደደ ነው፣ ጦርነቱም አልቆመም። ከአራቱ አገር አንዱን ብቻ ነው የቀነስኩት። ባንክ ያለችው ልጅ ጋ አንድ ዳቦ ይዤ ሄጄ እርሾን ከዝርዝርሽ ሰርዢ ብያታለሁ። ጉልቤ ስንዴውንስ ይላል፤ ከዚህ ሁለት ቀን መንገድ ርቀው ማሽላ የሚያመርቱ ሰዎች አሉ፣ ከዱቄቱ ጋር ሲቀላቀል ምን እንደሚሆን ልሞክር ነው። ምድጃው ግን አይጠፋም። ማንንም አላሰናበትኩም።

አሁን የመጨረሻውን ልንገርሽ። ያን ሰኞ ይህን ደብዳቤ ስጀምር፣ እውነቱን ለመናገር፣ የጀመርኩት ለእርሾ ብዬ ነበር። ጤናሽን የጠየቅኩትም፣ ጉልበትሽን ያነሳሁትም ወደሱ ለመድረስ ነው። ከሐሙስ በኋላ ግን ላክ ላክ እያለኝም ያዝኩት። ቴምብሩ ማክሰኞ ገብቷል፤ ገዝቼ ኪሴ ከከተትኩት አምስት ቀኔ ነው። ዳቦው ሳይነሳ ብልከው፣ ቸግሮት ነው፣ ለሊጡ ብሎ ነው የሚለማመጠኝ ትያለሽ፤ ብትዪም አይፈረድብሽም።

ዛሬ ግን ሊጡ ኩፍ ብሏል፤ ሰውም ወረፋ ይዟል፤ ማሰሮውም ሙሉ ነው። ስለዚህ ልጠይቅሽ እችላለሁ። ለምን ሄድሽ? ከልብስ ሰፊዋ ሰምቻለሁ፣ እኔም የራሴን ገምቻለሁ፤ ግን ካንቺ አፍ መስማት እፈልጋለሁ፣ ሁሉንም፣ የሚያሳፍረኝንም። ስልክም ቢሆን ደውዪ፤ ይህን ጊዜ ዝም አልልም። መምጣት ብትፈልጊ ቤቱ ቤትሽ ነው፤ አልመጣም ብትዪም ደግሞ እዚያው እመጣለሁ፣ ልስማሽ ብቻ። ናፍቀሽኛል። ስምንት ዓመት ከጎኔም ሆነሽ፣ ርቀሽም ናፍቀሽኛል። የምጠራሽ ለእርሾ አይደለም፤ እርሾው አለ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ልጃችንን ከነቤቷ፣ የልጅ ልጃችንን ከነአዲስ ጥርሷ ይጠብቅልን። በዚያ ባሕር ላይ ያሉትን ለወደባቸው፣ በዚያ ጦርነት መሐል ያለውን ዳቦ ጋጋሪ፣ ካለ፣ ለምድጃው ያብቃው።

ባልሽ፣
ገንዳውን ያጠበው